የደም ግፊት ኪኒን በቃሊቲ

በቃሊቲ ማረሚያ ቤት የደም ግፊት መድኃኒቱን ያቋረጠ ታራሚ ሲገኝ ከአብዛኞቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ለራሱ ግድ የለውም» የሚል ቃል ነው። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። መድኃኒት ያቋረጠን ሰው ከመውቀስ በፊት ሁለት ነገር መጣራት አለበት። ሕመሙ ምን እንደሆነ በሚገባው አነጋገር ተነግሮታል ወይ? ከተነገረውስ በኋላ የታራሚ ውሎ ኪኒኑን ሳያስተጓጉል እንዲውጥ ያስችለዋል ወይ? አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን ብዙ አያራምድም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ የሚናገረውም ለታራሚው ብቻ ሳይሆን ስንቅ ለምታመላልሰው እናት፣ በር ላይ ለሚቆመው የጥበቃ አባልና ለክሊኒኩ ባለሙያ ጭምር ነው።

ከሕመሙ እንጀምር። ልብ ደም ስትረጭ ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚጫንበት ኃይል ግፊት ይባላል። ይህ ኃይል ሁላችንም ዘንድ አለ፤ ባይኖር ደም ወደ አንጎላችን አይደርስም። በሽታ የሚሆነው ከልኩ አልፎ እዚያው ሲከርም ነው። መለኪያው ሁለት ቁጥር ይሰጣል። የላይኛው ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ልብ ስትላላ ያለውን ኃይል ያሳያል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሰውየው የደም ግፊት አለበት። ሁለቱም እስኪያልፉ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንዱ ካለፈ በቂ ነው።

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ባካሄደው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆነ ሰዎች ወደ 16 ከመቶ የሚጠጉት ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ገደማ ጎልማሶች ግፊት እንዳለባቸው፣ ግማሽ ያህሉ ይህንኑ እንደማያውቁ፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ብቻ እንደሆነ ገልጿል። ማረሚያ ቤት ከዚህ ሁሉ የተለየ ደሴት አይደለም። እንዲያውም ግፊትን የሚያባብሱት ነገሮች እዚያ በአንድ ግቢ ይሰባሰባሉ፦ የተጨናነቀ ማደሪያ፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ የክስና የቤተሰብ ጭንቀት፣ ተቀምጦ መዋል፣ ሲጋራ፣ ምርጫ የሌለው ምግብ።

ግፊት ክፉ የሚሆነው ስለማያም ነው። አንድ ሰው ግፊቱ 170 ደርሶ እየሳቀ ካርታ ሊጫወት ይችላል። ሌላው 120 ሆኖ ራሱን ሊያመው ይችላል፤ እንቅልፍ በማጣት፣ በጭስ፣ በረሃብ። ራስ ምታት የግፊት መለኪያ አይደለም። ይሁንና ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚወስደው በራስ ምታቱ ልክ ነው፤ ሲያመው ይውጣል፣ ሲሻለው ይተዋል። በዚህ መሐል ግፊቱ ድምፅ ሳያሰማ ሥራውን ይሠራል። የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻል፣ የዓይንን ብርሃን ይጎዳል፣ የልብን ጡንቻ ያወፍርና በኋላ ያደክማል፣ አንድ ቀን ደግሞ በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል። ስትሮክ የምንለው ይህ ነው። የብዙ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ የላይኛውን ቁጥር በ10 ብቻ ዝቅ ማድረግ በስትሮክ የመመታትን ዕድል ከሩብ በላይ ይቀንሳል። የአንዲት ትንሽ ኪኒን ዋጋ በዚህ ነው የሚለካው።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ሁለት ወር ወሰድኩ፣ ተለካሁ፣ 125 ሆነ፤ ድኛለሁ ማለት አይደለም?» አይደለም። መድኃኒቱ እንደ መስኖ ክትር ነው። ውኃው ወደ ማሳው የሚገባው ክትሩ ስላለ ነው፤ ክትሩ የፈረሰ ዕለት ውኃው ወደ ድሮ መንገዱ ይመለሳል። 125 የተገኘው በኪኒኑ ነው፤ ኪኒኑ ሲቆም ቁጥሩ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይወጣል። እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶችን ደግሞ በድንገት ማቆም ልብን ለአደጋ ያጋልጣል። መቀነስም ሆነ መለወጥ የሚቻለው ባለሙያ እያየ ነው። በተለይ ከገጠር የመጡ ታራሚዎች የለመዱት ሕክምና በጥቂት ቀናት ተውጦ የሚያልቅ ነው፤ የወባ፣ የሳንባ ምች። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል ደግሞ በማረሚያ ቤት ሌላ ትርጉም ያለው፣ የሚያስደነግጥ ቃል ነው። ስለዚህ ባለሙያው «ዕድሜ ልክህን ትወስዳለህ» ብሎ ከመተው ይልቅ ለምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ይኖርበታል። አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አምስቱ ደቂቃ ባለመገኘቱ የሚመጣው ስትሮክ ክሊኒኩን ብዙ ቀን፣ አጃቢና መኪና ያስወጣዋል።

አለካኩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ታራሚው ከግቢው ማዶ በጥድፊያ ተጠርቶ ይመጣል፣ ትንፋሹ ሳይሰበሰብ ክንዱ ላይ ጨርቁ ይታሰራል፣ ከጀርባው አጃቢ ቆሟል፣ እሱም ስለ ቀጠሮው እያወራ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚገኘው ቁጥር ግፊቱን ሳይሆን ሩጫውንና ፍርሃቱን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አለካክ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሽንት ካለ ሸንቶ መምጣት፣ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣትና ሲጋራ አለማጨስ፣ ጀርባን ደገፍ አድርጎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጦ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ ጨርቁን በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ማሰር፣ እስኪያልቅ አለመናገር። ከዚያ አንድ ደቂቃ ቆይቶ መድገም። አጃቢው ሁለት እርምጃ ራቅ ቢል ጥበቃው አይጓደልም፤ ቁጥሩ ግን እውነተኛ ይሆናል።

ቁጥሩ ለታራሚው ሊነገረው ይገባል። «ትንሽ ከፍ ብሏል» ማለት ምንም አለመንገር ነው። «152 በ94 ነው፤ ከ140 በታችና ከ90 በታች ልናወርደው ነው» ሲባል ሰውየው የሚከታተለው ነገር ያገኛል። በሚቀጥለው ወር 144 ሲሆን ኪኒኑ እየሠራ እንደሆነ በዓይኑ ያያል፤ በሰውነቱ ሊሰማው የማይችለውን ነገር ቁጥሩ ያሳየዋል።

የተነገረው ነገር መግባቱን ማረጋገጥ ደግሞ «ገብቶሃል?» ብሎ በመጠየቅ አይሆንም። ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ያለው መልስ አንድ ነው፦ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» አክብሮትም ነው፣ ሐፍረትም ነው። የሚሻለው ሰውየው ራሱ መልሶ እንዲናገር መጠየቅ ነው። አንዲት ነርስና አንድ ሸምገል ያሉ ታራሚ እንዲህ ሲነጋገሩ እናስብ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ያልኩዎትን ክፍል ሲገቡ አጠገብዎ ላለው ሰው እንዴት አድርገው ነው የሚነግሩት? እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ።»

«አንዷን ጠዋት እውጣለሁ ሲስተር። ራሴን ያዞረኝ ለታ ደግሞ ሌላ እጨምራለሁ።»

«እኔ በደንብ ስላላስረዳሁ ነው ጋሼ። መጨመር የለም። ቢያዞርዎትም ባያዞርዎትም በቀን አንድ ብቻ። ሲያዞርዎት ኪኒን አይጨምሩም፣ መጥተው ይለካሉ።»

«እንግዲያ አንዷን ብቻ። ካዞረኝ እመጣለሁ።»

በዚህ አጭር ንግግር አንድ አደጋ ታልፏል። ነርሷ ጥፋቱን ወደ ራሷ ማስረዳት ማድረጓንም ልብ ይሏል፤ ሽማግሌው አላፈሩም፣ ስላላፈሩም እውነቱን ተናገሩ። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ላይ የተጻፈ ትእዛዝ ብቻውን ምንም አይሠራም። የኪኒኑ ከረጢት ላይ የፀሐይ ሥዕል ለጠዋት፣ የጨረቃ ሥዕል ለማታ ማድረግ፣ ወይም ማንበብ የሚችል የክፍል ጓደኛ በታራሚው ፈቃድ አብሮ እንዲሰማ መጥራት ይረዳል። በፈቃዱ የምልበት ምክንያት አለ፤ ሕመም የግል ምስጢር ነው፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ደግሞ ምስጢር ከገንዘብ በላይ ይከበራል።

የታራሚ ውሎና የኪኒን ሰዓት የሚጋጩባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አስቀድሞ ሊታሰብባቸው የሚችሉ ናቸው። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው በማለዳ ይወጣል፣ ክሊኒኩ ሳይከፈት። ኪኒኑ ክሊኒክ ተቀምጦ በየቀኑ የሚሰጥ ከሆነ የዚያ ዕለት ኪኒን ቀረ ማለት ነው። በእኔ እምነት የተረጋጋና መድኃኒቱን የተረዳ ሰው የግፊት ኪኒኑን የአንድ ወር ይዞ በራሱ እጅ ቢያስቀምጥ ይሻላል። ይህ ሱስ የሚያሲዝ መድኃኒት አይደለም። ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ የሚፈራለት ወይም የሚረሳ ሰው ከሆነ ግን በየዕለቱ መስጠቱ ተገቢ ነው። ዕለታዊው መንገድ ከተመረጠ የቀጠሮ ቀን ኪኒን ከዋዜማው መሰጠት አለበት።

ጾምም አለ። ኦርቶዶክሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙስሊሙ በረመዳን እስከ ማፍጠሪያ ምንም ሳይቀምስ ሲቆይ የጠዋቷ ኪኒን ትዘለላለች። ይህን በግልጽ የሚጠይቅ ባለሙያ ሲጠፋ ሰውየው ጾሙን መርጦ ኪኒኑን ዝም ብሎ ይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን በሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ የሚቆይ መድኃኒት ስለሆነ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታም ቢሆን መውሰድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ፣ ከ21 ሺህ በላይ የብሪታንያ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት የግፊት መድኃኒትን ጠዋት በመውሰድና ማታ በመውሰድ መካከል ልብንና አንጎልን በመጠበቅ ረገድ ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል። ዋናው በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ጊዜ መዋጡ ነው። ማታ የሚመርጥ ታራሚ ከማታው የታራሚ ቆጠራ ጋር ቢያያይዘው አይረሳውም። አንድ ቀን ቢረሳ በዚያው ዕለት ሲያስታውስ ይውሰድ፤ ሌሊቱ ካለፈ የዕለቱን ብቻ ይውሰድ እንጂ ሁለት አይደርብ።

ለማታ የማይሆነው ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ውጭ ላለ ሰው ይህ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው። በር ተዘግቶበት፣ ሰው በሰው ላይ በተኛበት ክፍል ውስጥ ላለ ግን በሌሊት ደጋግሞ መነሳት ከጎረቤት ጋር መጣላት፣ መዋረድ ነው። ይህን አንድ ሁለት ሌሊት ያየ ሰው ኪኒኑን ቢጥል ማን ይፈርድበታል? «ጠዋት ብቻ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ችግሩን ይፈታዋል።

ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎችን ደረቅ ሳል ይይዛቸዋል። በማረሚያ ቤት ሳል ማለት ቲቢ ነው፤ የክፍል ጓደኞቹ ይሸሹታል፣ እሱም ይሸበራል። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል በእርግጥ ለቲቢ መመርመር አለበት፤ እዚያ ላይ ቸልታ የለም። ከዚያ ጎን ለጎን የሚወስደው መድኃኒት ይጠየቅ። ሳሉ ከኪኒኑ ከሆነ በሌላ ይለወጣል፣ ሳሉም ይተዋል። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በሴቶች ክፍል ያለች ታራሚ ካረገዘች ወይም እርጉዝ ሆና ከገባች ለባለሙያው ወዲያው መንገር አለባት። አምሎዲፒን በበኩሉ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ኩላሊቴ ሄደ ብሎ ከመደንገጥና ከማቋረጥ መጥቶ ማሳየት ይሻላል።

ሌላ እምብዛም የማይወራ ነገር አለ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ስስ ፍራሽ ዘርግቶ የሚያድር ሰው ወገቡን ያመዋል፤ ለወገቡም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይፈልጋል፣ ከጓደኛ ይለምናል፣ ከቤተሰብ ያስመጣል። እነዚህ ማስታገሻዎች በየቀኑ ሲወሰዱ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የግፊት መድኃኒትን ያደክማሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ግፊቱ አልወርድ ያለው ታራሚ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ቢሆን መልካም ነው። ለአብዛኛው ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል። የግፊት ኪኒንን መዋዋስም አይገባም። የአንዱ ግፊት የሌላው አይደለም፤ ያበደረውም ወሩ ሳይሞላ ያልቅበታል።

ቃሊቲ ያለውን ሰው የሚያቆመው በአመዛኙ ቤተሰቡ ነው። በከተማ ባቡርም ይሁን በታክሲ ቃሊቲ ወርዶ፣ የምግብ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥሎ በጥየቃ ሰልፍ የሚቆመው ዘመድ ከምግቡ ጋር ጤናም በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል። በዚያው በ2007ቱ አገር አቀፍ ጥናት የአንድ ሰው የቀን ጨው ፍጆታ በአማካይ 8 ግራም አልፎ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ያም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። ሽሮውም በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ላይ ይደገማል፣ የወጥ ማጣፈጫው ኩብ ደግሞ ሦስተኛው ጨው ነው። «እንዳይበላሽ» ተብሎ ጨው የሚበዛበት ስንቅም አለ። እናቱ ወጡን ስትሠራ ኩቡን ብትተው፣ ጨዉን ቀነስ አድርጋ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ብታጣፍጠው፣ ከስንቁ ጋር ብርቱካንና ሙዝ ብትጨምር ልጇን እያከመች ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ከሆነ ግን ፍራፍሬውን ባለሙያ ጠይቃ ነው። የግቢውን ምግብ ብቻ የሚበላ፣ ጠያቂ የሌለው ታራሚ ግን ይህ ምርጫ የለውም። ለእሱ ጨው የሚቀነሰው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድስቱ ላይ ነው፤ ይህም የተቋሙ ኃላፊነት ነው።

ጠበልን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ ሕሙማን ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒት ማቆም እንዳለባቸው ያምኑ ነበር፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በይፋ መናገራቸው የብዙዎችን ሐሳብ ቀይሯል። ለግፊትም እንደዚያው ነው። ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል፣ ኪኒኑም ይቀጥል። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራውም ምግብ ናቸው፤ የኪኒኑን ቦታ አይተኩም።

ማወቅ ብቻውን እንደማያድን የሚያሳይ ታላቅ ምሳሌ በአገራችን አለ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ መሥራቾች አንዱ ነበሩ። የአዲስ አበባው እስር ቤት ከርቸሌ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት በቆመበት ስፍራ በነበረበት ዘመን፣ በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በእስር ሳሉ በልብ ሕመም ተያዙ፤ በ1991 ዓ.ም. ተፈትተው ለሕክምና ወደ ውጭ ቢሄዱም በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በአሜሪካ አገር ፊላዴልፊያ አረፉ። የሕክምና እውቀት አልጎደላቸውም። እስረኛ ግን ራሱን በራሱ ሆስፒታል አይወስድም። በሩን የሚከፍት፣ አጃቢ የሚመድብ፣ መኪና የሚያዝ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ግፊት መማር ያለበት ታራሚው ብቻ አይደለም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የታሰሩ ሰዎች ክብራቸው ተጠብቆ የመያዝና ከሐኪሞቻቸው ጋር የመገናኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት ደንቦችም ታራሚ ውጭ ያለው ሕዝብ የሚያገኘውን ያህል ሕክምና በነፃ እንዲያገኝ፣ ሲገባ በሐኪም ወይም በሌላ የጤና ባለሙያ እንዲታይ፣ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ሲዛወር የሕክምና ፋይሉ አብሮት እንዲሄድ ይላሉ። የጥበቃ አባል ሊያውቃቸው የሚገቡ ምልክቶችም ጥቂት ናቸው፦ ፊት ወደ አንድ ጎን መጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ ንግግር መንተባተብ፣ የደረት ሕመም፣ ድንገት የዓይን መጨለም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር። በር ከተዘጋ በኋላ ከክፍሉ «ሰው ታመመ» የሚል ጩኸት ሲሰማ እነዚህን መጠየቅና አንዱም ካለ ንጋትን ሳይጠብቁ ማውጣት ያስፈልጋል። የክፍሉ ሰዎችም በዚያ ሰዓት ኪኒን ደራርበው እንዳያስውጡት፤ ግፊትን በአንዴ ማውረድ ራሱ አንጎልን ይጎዳል።

ክትትል ከሁሉ በላይ የሚበጠሰው ሰው ቦታ ሲቀይር ነው። ከቃሊቲ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚዛወር ታራሚ ከሐኪሙም ከጠያቂውም በአንድ ቀን ይርቃል። በአመክሮ ወይም በበዓል ይቅርታ የሚወጣው ደግሞ በደስታ ውስጥ ስለ ኪኒን አያስብም፤ ማንም ቢሆን አያስብም። ወደ ቀበሌው ሲመለስ ጤና ጣቢያው ሰውየውን አያውቀውም፣ እሱም የመድኃኒቱን ስም አያውቀውም፤ «ነጯ ክብ» ይላል። ነጭ ክብ ኪኒን ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም።

ለዚህ የሚያስፈልገው በኪስ የሚያዝ አንድ ካርድ ነው። መድኃኒቱ ከነመጠኑ፣ ለምሳሌ «አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ በቀን 1 ጊዜ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ልኬቶች ከነቀናቸው፣ ያልተስማማው መድኃኒት ካለ ስሙ፣ ኪኒኑ የሚያልቅበት ቀን። ካርዱን ታራሚው ይይዘዋል፣ ግልባጩ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ማንበብ የማይችል ከሆነ የመድኃኒቱን ስም በቃሉ እስኪይዝ በየወሩ ይጠየቃል። የመፈቻ ወረቀት የሚያዘጋጀው ክፍል ስም ዝርዝሩን ለክሊኒኩ ከአንድ ቀን በፊት ቢያሳውቅ፣ ሰውየው ከበሩ ሲወጣ ከልብሱ ጋር የአንድ ወር ኪኒንና ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ይይዛል።